የሙሀመድኑር መስመር

ደብዳቤው ከሚሴ የደረሰው ማሽላ ሊታጨድ ሲል ነው፤ ከተማሪው ግማሹ ጨፋ ወርዶ ወፍ በሚጠብቅበት፣ ግማሹ ደግሞ ወፍ ጥበቃ ሄዷል እየተባለ ሌላ ቦታ በሚውልበት ሰሞን። አራት ገጽ ነው። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ርዕሰ መምህሩ ዘመድኩን መምህራኑን ሰብስቦ ከመነጽሩ በላይ እያየ አነበበላቸው፦ ማንኛውም ትምህርት ቤት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የደረሰውን ረሃብ፣ አርባኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ በየዓመቱ የማስተማርና የመዘከር ግዴታ አለበት። «ግዴታ» የምትለዋ ቃል ከሥሯ ተሰምሮባታል።

«የትኛውን መከራ ነው ያልከው?» አለ የሒሳብ መምህሩ ፈቃደ።

«ሰባ ሰባትን ነው እኮ የማነበው።»

«አይ፣ እኛ ዘንድ በርከት ስላለ ነው። ተራ ያስይዙን እንደሆነ ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሦስት ሰዎች ግን አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

የሚሠራው ሥራ ተዘርዝሯል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይሰጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ጠይቆ ቅጽ ይሞላል። ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ሥነ ሥርዓት ተደርጎ አንድ የዓይን ምስክር ይናገራል፤ ቀጥሎም ኃላፊነቱን የወሰደው መምህር የሟቾቹን ስም በድምፅ ያነባል። ሁሉም ተቀርጾ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ይላካል። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ሞተ፣ ተሰደደ፣ ተረፈ።

«ኃላፊነቱን የወሰደው መምህር» የሚለው ጋ ሲደርስ ዘመድኩን ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ዙቤይዳ ላይ አሳረፈው። ዙቤይዳ ይመር የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካሉት ዛፎች አብዛኞቹ ሲተከሉ አይታለች።

«ሌላ ሰው ይሁን፣» አለች።

«ለምን?»

«ክፍለ ጊዜ በዝቶብኛል።»

«ትምህርቱ ያንቺ ነው። የአገሩ ልጅ ነሽ። ዕድሜሽም…»

«ዕድሜዬ ምን ሆነ?»

«ይፈቅዳል ለማለት ነው፣» አለ ዘመድኩን፣ ቶሎ ብሎም ስሟን ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

ዙቤይዳ ቅጹን ገለበጠችው፣ መልሳም አገላበጠችው። «ያልታወቀ የሚል ዓምድ የለውም?»

«መመሪያው ሁሉም እንዲታወቅ ነው የሚፈልገው።»

ምስክር ፍለጋ ሲወጣ ነው የነገሩ ጣጣ የታየው። ሰዉ ያንን ዘመን በስሙ አይጠራውም፤ ክፉ ቀን ነው የሚለው፤ ክፉ ቀን ደግሞ ስሙን ከጠሩት አቤት ይላል። መጀመሪያ መስጊዱ አጥር ሥር ፀሐይ የሚሞቁትን አባባ ሙጂብን ጠየቀች።

«ዙቤይዳ ይመር አሊ ሰይድ! አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? እናትሽ ኡምኩልሱም ደህና ናት? ያ በግራ ጎኑ የሚተኛው በሬያችሁ ደህና ነው?» አሉ። ጉዳዩን ስትነግራቸው ግን «ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አላስታውስም። መርሳት ይዞኛል» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቅቤ ነጋዴዋ ሳቢራ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «ያኔ የበላነውን ብናገር ምራቶቼ ሁለተኛ ከእጄ ይቀምሳሉ? ተዪኝ እባክሽ።»

ለባቲ ገበያ እህል ሲያመላልስ ያረጀው ሰውዬ ደግሞ ሰማትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ያኔ እህል ነበረኝ። እሱንም ልናገር?» አላት።

«አይ፣ ይቅር፣» አለች ዙቤይዳ።

«እኔም ይቅር ነው የምለው።»

ምስክር ማጣቷ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላስከፋትም። ምስክር ካልተገኘ ሥነ ሥርዓት የለም፤ ሥነ ሥርዓት ከሌለ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም። ይህንን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ሙና ደጃፍ ቁጭ ብላ የትምህርት ቤቱን ቅጽ እየሞላች ነው። አያቷ ኡምኩልሱም ከጎኗ ተቀምጣ ታስጽፋለች።

ሞተ በሚለው ዓምድ፦ ይመር አሊ፣ አያቴ። ተረፈ በሚለው፦ አያቴ፣ እናቴ። ተሰደደ በሚለው፦ አጎቴ ሙሀመድኑር ይመር፣ አራት ዓመቱ፣ በፈረንጅ መኪና።

«‹በፈረንጅ መኪና› የሚለውን ጻፍሽው?» አለች ኡምኩልሱም።

«ጻፍኩት፣ እማማ።»

«ከሥሩ አስምሪበት።»

ኡምኩልሱም ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። በሰፈሩ የምትታወቀው ፈረንጅ አገር ልጅ ያላት ሴት ተብላ ነው። የከሚሴ እናቶች ልጆቻቸውን በደላላ ዓረብ አገር ሲሰዱ፣ «የኔው ያለ ደላላ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በክብር ነው የሄደው» ትላለች። የእርዳታ ድርጅት መኪና አስፋልቱ ላይ በቆመ ቁጥር ጎረቤቱ «ኡምኩልሱም፣ ልጅሽ መጣ!» ይላታል፤ እሷም ቀልድ መሆኑን እያወቀች ወጥታ ታያለች። መሬቱ ሲመዘገብ ስሙ ደብተሩ ላይ ካልገባ ብላ መዝጋቢውን ግማሽ ቀን አስቁማዋለች። ለባሏ ለይመር በየዓመቱ ሰደቃ ታወጣለች። ለልጇ ግን ዱዓ እንጂ ሰደቃ የለም። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ሰደቃ ማውጣት በገዛ እጅ መቅበር ነው ባይ ናት።

«ይሄ የምትቀርጹት ነገር ፌስቡክ ላይ ይወጣል?» ብላ ሙናን ጠየቀቻት።

«ይወጣል።»

«ፈረንጅ አገር ይታያል?»

«የትም ይታያል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምስክሯ እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ጉልበትሽን እያመመሽ፣» አለች ዙቤይዳ ከበሩ ላይ።

«በጉልበቴ ነው እንዴ የምናገረው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባት ኅዳር ይመር ከጨፋ በላይ ካለው ኮረብታ፣ ቤቱ ውስጥ፣ መነሣት አቅቶት ተኝቶ ነበር። ኡምኩልሱም እሱን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት ትንሹን ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጇ ለዙቤይዳ አሳዘለችና ባቲ መጠለያ ወደሚሄደው ሰው መሐል ሰደደቻቸው። ዙቤይዳ ወንድሟን እያዘለች፣ ሲደክማት እያስቀመጠች፣ መልሳ እያዘለች አደረሰችው። መጠለያው በር ላይ የልጁን ክንድ ለክተው የምግብ ካርድ ሰጡት። ለእሷ አልሰጧትም፤ የእሷ ክንድ ገና ክንድ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሙሀመድኑር ጭኗ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ሬሳ የሚያነሡት ሰዎች በየጠዋቱ ይዞራሉ፤ ስም ይጠይቃሉ፤ የተነገረው ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ካርዱም ይሰረዛል። ይህንን ሁሉ በሦስት ቀን አጥንታዋለች። ጆንያ አልብሳው ከሰው ራቅ አድርጋ አስተኛችውና ሰልፍ ገባች። ሰዎቹ መጥተው የማን ልጅ ነው ብለው ሲጣሩ ሰማች። አንድ ሰው «ባለቤት የለውም» አለ። ዙቤይዳ ሳህኗን ይዛ ፊቷን ወደ ገንፎው አዞረች። ከዚያ ወዲያ «ወንድምሽስ?» ሲሏት «ተኝቷል» እያለች በካርዱ በላች። ክንዷም ክንድ ሆኖ ቀረ።

ስትመለስ አባቷ ተቀብሮ ነበር። ኡምኩልሱም ደጃፍ ላይ ጠበቀቻትና አስቀድማ ያየችው ጀርባዋን ነው። ባዶ ነበር። «ፈረንጆቹ ወሰዱት፣» አለች ዙቤይዳ። «በመኪና። ያሳክሙታል።» በእርግጥም አንዳንድ ልጆችን በመኪና ሲወስዱ አይታለች። ውሸቱን ለአንድ ሌሊት ነበር ያሰበችው፤ እናቷ እህል ቀምሳ፣ ትንሽ በርትታ እስክትነሣ ድረስ። ኡምኩልሱም ግን በዚያው በረታች።

ዘመድኩን ስለ ኡምኩልሱም ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «ይሄ እኮ ሌላ ትምህርት ቤት ዘንድ የለም! ሌሎቹ ያላቸው ሞት ብቻ ነው። እኛ ተስፋ አለን!» በዚያው ቀን ለኮሙኒኬሽን ሰዎች ደወለ። ዕፀገነት የምትባል ባለሙያ ካሜራ ይዛ እንደምትመጣ፣ ምስክርነቱም «ሙሀመድኑርን አፋልጉን» በሚል ርዕስ ለብቻው እንደሚለቀቅ ተነገረው። ትምህርት ቤቱ በር ላይም ይኸው ርዕስ በፍሌክስ ታትሞ ተሰቀለ። የሙሀመድኑር ፎቶ ስላልነበረ የሙናን የልጅነት ፎቶ ፀጉሯን በኮምፒዩተር አሳጥረው አወጡት። ዙቤይዳ በየጠዋቱ በዚያ ሥር እያለፈች ትገባለች።

የሕመም ፈቃድ ባገኝ ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷን ተለካች። «ከእኔ ይሻላል፣» አላት ነርሱ። ስም ማንበቡን ፈቃደ እንዲተካት ለመነችው፤ እሱም እሺ ብሎ ነበር፤ ዘመድኩን ግን ቃለ ጉባኤውን አሳየው። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለ ስም፣ ዘመድኩን እንደሚለው፣ ከመቃብር ድንጋይ ይጸናል።

ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷን ብቻዋን አገኘቻት። ኡምኩልሱም ግድግዳውን ተደግፋ ለቀኑ የምትለብሰውን ሻሽ ስትመርጥ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«እኔም የምጠይቅሽ አለኝ። የአሳማ ሥጋ አብልተውት ይሆን?»

«ማንን?»

«ማንን ትላለች! ሼኽ አብዱልጀሊልን ጠይቄያቸው ነበር። ሳያውቅ ከበላ ወንጀል የለበትም አሉኝ። አልሃምዱሊላህ። አርባ አራት ዓመቱ ነው እንግዲህ። ሚስት አግብቷል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ረስቶታል። ‹ኮቱ፣ ና› ብለው ግን ይመጣል፤ ኮቱ ስለው ከየትም ይመጣ ነበር።»

«እማዬ፣ ባይኖርስ?»

«የት?»

«በሕይወት።»

ኡምኩልሱም ሻሿን ጉልበቷ ላይ አጥፋ አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ያ ነው የከፋው። «በገዛ እጅሽ አይደለም እንዴ የሰጠሻቸው? ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እጠረጥር ነበር። እኔ ያመንኩት ፈረንጁን ነው? ያንቺን ዓይን ነው። ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ቢጫው ይሻልሻል፣» አለች ዙቤይዳ፣ ሻሹን እያየች።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ቁጭ ብላ ተማሪዎቹ ካመጡት ቅጽ የሟቾቹን ስም ገለበጠች። ስልሳ ሦስት ሰው። አንዳንዱ ወረቀት ላይ «እህል ውሃ የጨረሰው አጎቴ» ይላል፤ አንዱ ላይ «ሕፃን፣ ስም ሳይወጣላት» ይላል፤ አንዱ አምስት ስም ጽፎ ከታች «ሌሎቹን አያቴ ማልቀስ ስለጀመረ አልጠየቅኩም» ብሏል። አባቷን፣ ይመር አሊን፣ አርባ ስምንተኛ ተራ ላይ ጻፈችው። ከእሱ በታች ያለውን መስመር ባዶ ትታ ወደ ቀጣዩ አለፈች።

ፈቃደ ከጀርባዋ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። «መስመር ዘለልሽ።»

«አውቃለሁ።»

ፈቃደ ሻዩን ጨረሰ። ቀልድ ነገር አፉ ላይ መጥቶ እንደመለሰው ከአገጩ ታወቀ። «እሺ፣» ብሎ ወጣ።

ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ግቢው በፕላስቲክ ወንበር ተሞላ። ምንም አላስታውስም ያሉት አባባ ሙጂብ ከፊት ተቀምጠዋል። ሳቢራም ቅቤዋን ለሰው አደራ ሰጥታ መጥታለች። ሼኽ አብዱልጀሊል በሽማግሌዎች ስም ተጋብዘዋል። ዕፀገነት ካሜራዋን ሦስት እግር ላይ አቁማ ፀሐዩን ትረግማለች። ድምፅ ማጉያውን የተከራዩት ከሠርግ ቤት ነው፤ ልክ ሲከፈት የሙሽራ ዘፈን ሁለት ስንኝ ለቀቀና ዘመድኩን ሮጦ አጠፋው።

ኡምኩልሱም ቢጫ ሻሿን አስራ ማይኩን እንደ በትር በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች። ስለ ባሏ ተናገረች፤ በመጨረሻው ቀን ውሃ ሲሰጡት ለሌላ ሰው ስጡት እንዳለ። ሬሳ የሚሸከም ወንድ ጠፍቶ ሴቶች እንደቀበሩት። ሳቢራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ከዚያ ኡምኩልሱም ወደ ካሜራው ዞረችና ድምፅዋን ለወጠች፤ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩት።

«ሙሀመድኑር! እናትህ ነኝ። ኡምኩልሱም። ከሚሴ ነን አሁን፣ ከኮረብታው ወርደናል። መናኸሪያው ጋ የዙቤይዳን እናት ብለህ ብትጠይቅ ባጃጅ ያደርስሃል። እህትህ አስተማሪ ሆናለች። አንተን ስላዳነች አላህም እሷን አሳደጋት። ኮቱ ልጄ። ኮቱ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ዘመድኩን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ማይኩ ሁለት ነበር፤ አንዱ ኡምኩልሱም እጅ ላይ ቀረ፣ ሌላውን ለዙቤይዳ ሰጧት።

ዙቤይዳ ማንበብ ጀመረች። ስም፣ የአባት ስም፣ ካለ ዕድሜ። በየስሙ መሐል አንድ ትንፋሽ። አባባ ሙጂብ አሥራ ሁለተኛው ስም ላይ «አላህ ይዘንለት፣ የጎን ጎረቤቴ» አሉ፤ ሃያኛው ላይም አሉ። አርባ ስምንተኛው ጋ ደረሰች። «ይመር አሊ።» ከሥሩ ባዶው መስመር አለ። ልታልፈው ነበር። ቀጣዩን ስም ዓይኗ አንብቦታል። ግን ትንፋሿን ወስዳ ነበር፤ የወሰደችው ትንፋሽ ደግሞ ሌላ ስም ይዞ ወጣ።

«ሙሀመድኑር ይመር።»

«እሱን ሰርዢው!» አለች ኡምኩልሱም በድምፅ ማጉያው። «እሱ አልሞተም። ተሳስታ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ የወዳጅ ሳቅ። ዘመድኩን እየተንጠራራ መጥቶ ዝርዝሩን አየና፣ «እዚህ እኮ አልተጻፈም» አለ በሹክሹክታ። «ደክሞሽ ነው። አይዞሽ፣ ከባድ ነው።» ዕፀገነት እጇን አወዛወዘች። «ችግር የለም፣ ይቆረጣል። መምህርት፣ ድጋሚ አንብቢልኝ። ከ‹ይመር አሊ› ጀምሪ፤ በቀጥታ ወደ ቀጣዩ።»

አርባ ዓመት ያቃታትን አንድ ስም ተናገረች፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አርመው መለሱላት። አሁን ደግሞ ሌላ ዕድል ሰጧት፤ ለመዋሸት፣ በጥራት፣ ፀሐዩ ሳይዞር። ሦስት መቶ ተማሪ ያያታል። ሙና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እናቷ ማይኳን ይዛ ፈገግ ብላላታለች።

«ዝግጁ፣» አለች ዕፀገነት።

«ይመር አሊ፣» አለች ዙቤይዳ። «ሙሀመድኑር ይመር። አራት ዓመቱ። ባቲ መጠለያ፣ በመጣን በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ። የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መኪና አልነበረም፣ እማዬ። ስሙን ብናገር ካርዱ ይሰረዝ ስለነበር አልተናገርኩም። በካርዱ በላሁበት።»

አሁን የሳቀ የለም። ዕፀገነት ካሜራዋን ልታጠፋ እጇን ሰደደችና ተወችው።

ኡምኩልሱም ማይኩን ከአፏ አላራቀችም። ሊናገሩበት እንጂ ሊደብቁበት የተሠራ ዕቃ አልነበረምና እያንዳንዷ ቃል አጥሩን ተሻግራ አስፋልቱ ላይ ተሰማች።

«ማን አጠበው?»

«አላውቅም።»

«በምን ገነዙት?»

«እኔ ጆንያ አልብሼው ነበር። የእህል ጆንያ።»

«ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረውታል?»

«አላየሁም፣ እማዬ። ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከሰልፉ ብወጣ ተራዬ ያልፋል ብዬ አልሄድኩም።»

ከዚያ ኡምኩልሱም ዙቤይዳን ትታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ሼኽ አብዱልጀሊል። ልጄ አልተሰገደበትም።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣» አሉ ሼኹ፣ እየተነሡ።

«አርባ ዓመት ሳይሰገድበት። አሁን ይሰገድበት።»

ወንዶቹ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲጎነበሱ ዘመድኩን ላብ አጠመቀው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መመሪያ ያለበት ሰው ነው። «አባታችን፣ በአላህ፣» አለ ሼኹን ጠጋ ብሎ፣ «በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አምልኮ ክልክል ነው። ካሜራውም አለ።»

«በሩ ስንት እርምጃ ነው?» አሉ ሼኹ።

«ሠላሳ ይሆናል።»

«ሠላሳ እርምጃ ለሬሳ ሩቅ አይደለም።»

ወጥተው አስፋልቱ ዳር፣ ከተሰቀለው ፍሌክስ ሥር፣ ተሰለፉ። የሚያነሡት ሬሳ የለም፤ ከፊታቸው ያለው የደሴ መንገድ ነው። ፈቃደ መሐል መንገድ ገብቶ እጁን ዘርግቶ ባጃጆቹን አስቆመ። አንድ ሚኒባስ ደርሶ ሲቆም ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ሕፃን ነው፣» አለ ፈቃደ።

«ያ ረቢ! መቼ?»

«በሰባ ሰባት።»

ረዳቱ ፈቃደን ትኩር ብሎ አየው፤ ይቀልዳል እንዳይል የሰውዬው ጉንጭ ርሷል። በሩን ከፍቶ ወረደና ከሰልፉ ጫፍ ገባ። ጎንበስ የሌለበት፣ በቁም የሚያልቅ ሰላት ነው፤ አራቱ ተክቢራ እስኪያልቅ ድረስ ክላክስ የነፋ የለም። ኡምኩልሱም ከወንዶቹ ኋላ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ዙቤይዳ ልትጠጋት ስትል እጇን ሳትዞር ወደ ኋላ ዘረጋች፤ እዚያው ቁሚ ማለት ነበር። ቆመች።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ለቀስተኛ ሞላው። ጎረቤቱ ፍራሽ አመጣ፣ ሳቢራ ንፍሮ አመጣች። «ልጅሽ መጣ» እያሉ ሲቀልዱባት የኖሩት ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ገብተው የኡምኩልሱምን ጉልበት ያዙ። እሷ ሻሿን ፈታ መሬት ተቀምጣለች። ዙቤይዳ ከጥግ ናት። ማንም አልወቀሳት፣ ማንም አላጽናናትም። ሰዉ የሚያያት ኡምኩልሱም እንዴት እንደምታያት አይቶ ሊያያት ነው፤ ኡምኩልሱም ደግሞ አታያትም።

የዙቤይዳ ስልክ ጮኸ። ዘመድኩን ነው። ሙና አንሥታ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አላህ ያጽናችሁ። ወላሂ ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም፤ ግን ሪፖርቱ ዛሬ መሄድ አለበት» አለ። ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ያለው ጨንቆት ነው። «ያ ስም… ልጨምረው ወይስ ልተወው? ተሰደደ ከሚለው ላይም መሰረዝ አለብኝ። የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ሙና እናቷን አየች። ዙቤይዳ አፏን ከፈተች።

«አምጪው፣» አለች ኡምኩልሱም። ስልኩን ተቀብላ እንደ ማይኩ ከፊቷ ያዘችው። «ጻፍ። ሙሀመድኑር ይመር አሊ። ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«አራት ዓመቱ። ከአባቱ ሥር አድርገው።»

«እዚያ ጋ ክፍት መስመር አለ፣ ይገባል።»

«የተሰደደውን ሰርዘው። ሁለት ጊዜ ሰርዘው።»

ስልኩን ለሙና መለሰች። ንፍሮው ዞሮ አለቀ። ሼኽ አብዱልጀሊል ዱዓ አድርገው ሰዉ አሚን አለ። ከአሚኑ በኋላ ኡምኩልሱም፣ በር በሩን እያየች፣ ጥግ ላለችው ልጇ ተናገረች። ከትምህርት ቤቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በካርዱ ስንት ቀን በላሽ?»

ዙቤይዳ ማሰብ አላስፈለጋትም። «ሃምሳ ሦስት።»

«የሱ ምግብ ነበር።»

«አዎ።»

«ሃምሳ ሦስቱን ቀን ጹሚና መልሺለት።»

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኡምኩልሱም፣ ሕፃን ነበረች እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ወንጀል አይጻፍም። ሸሪዓውም እንዲህ ያለ ቀዷ፣ የጾም ብድር…»

«ሸሪዓውን አልጠየቅኩም፣ ሼኽ። እሷን ነው የነገርኳት።» ቀጥላም፣ አሁንም ፊቷን ሳታዞር፣ «ከነገ ትጀምሪያለሽ። ሌሊት ለሱሑር እኔ አልቀሰቅስሽም፤ ራስሽ ትነሻለሽ» አለቻት።

«እሺ፣ እማዬ።»

«ሃምሳ ሦስቱ ሲያልቅ ትነግሪኛለሽ። ያኔ የምለው ካለ እላለሁ።»

ዙቤይዳ ወደ ጓሮ ወጥታ ብቻዋን ልትሆን ተነሣች። በሩ ላይ ግን የለቀስተኛው ጫማ ተደራርቦ እግር ማሳረፊያ አልነበረም፤ ገና የሚገባ ሰውም ቆሟል። ተመልሳ ከጥጓ ተቀመጠች።